የጋሽ ዑቅባ ግራ እግር

ጋሽ ዑቅባማርያም አርባ አምስት ዓመት ሲነዱ አንድም ቀን አውቶማቲክ መኪና ነክተው አያውቁም ነበር። አንድም ቀን! ይሄን የነገሩኝ ቀን የያዝኩት መፍቻ ከእጄ ሊወድቅ ነበር። ናይሮቢ እኮ ነው ያለነው! ከጃፓን በመርከብ ተጭኖ ከሚመጣው የቤት መኪና ውስጥ እስቲ ማንዋል ፈልጋችሁ አምጡልኝ። እኔ ብሩክታዊት፣ ስምንተኛ ክፍል ላይ ደብተሬን ዘግቼ ካሳራኒ ረታ ጋራዥ የገባሁት፣ ስንቱን ኮፈን ከፍቼ የዘጋሁት፣ ማንዋል የቤት መኪና ሲገባልን ልቤ ይዘላል። እንደዚያ ብርቅ ሆኗል።

ካሳራኒ ውስጥ ጋሽ ዑቅባን የማያውቅ ሐበሻ የለም። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አሮጌዋን ፔጇቸውን ሲያስነሱ ፎቁ ሁሉ ይሰማል። መጀመሪያ ልጃቸውን ሚለንን ጊጊሪ፣ ሥራዋ ቦታ ያወርዷታል። ከዚያ ሽሮውን፣ በርበሬውን፣ የጤፍ ዱቄቱን ይዘው ኪሌሌሽዋ ወዳሉት ምግብ ቤቶች ይሄዳሉ። በየወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመው ከአብሳዮቹ ጋር ይቀላለዳሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ ይስቃሉ። ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ያንን ዙር ባይዞሩ እቤት ቁጭ ብለው ግድግዳ ሲያዩ ነው የሚውሉት፤ ራሳቸው ናቸው ያሉኝ።

የከረን ልጅ ናቸው። አማርኛቸው ግን የአዲስ አበባን ልጅ ያስቀናል፤ ወጣትነታቸውን የጨረሱት ከአሰብ አዲስ አበባ ተሳቢ ሲነዱ ነዋ! «ኮምቦልቻ ላይ ሰላምታ ተማርኩ፣ ደብረ ሲና ላይ ስድብ ተማርኩ፣ አዲስ አበባ ስገባ ደግሞ ይቅርታ መጠየቅ ተማርኩ» ይላሉ። ስለ ጣርማበር ቁልቁለት እንዲያወሩ ከጠየቃችኋቸው ሥራ ፈታችሁ ማለት ነው። «ጣርማበርን በፍሬን የወረደ ሰው ታሪኩን ሌላ ሰው ነው የሚያወራለት። በማርሽ ነው የሚወረድ! ማርሽ ይይዝሃል፣ ፍሬን ይከዳሃል።»

በናይንቲ ዋን፣ በፈረንጆቹ መሆኑ ነው፣ ናይሮቢ ሲመጡ መከራቸውን አዩ። እዚህ መሪው በቀኝ ነው፣ መንገዱ በግራ ነው፣ ማርሽ የሚያስገባው ግራ እጅ ነው። ቀኝ እጃቸው ማርሽ ፍለጋ በሩን ሲመታ ስድስት ወር ቆየ አሉ። እጅ ተማረ። እግር ግን ምንም አልተማረም፤ የሚማረው የለማ! እዚያም እዚህም ፔዳሉ አንድ ነው፤ ፍሪሲዮን በግራ፣ ፍሬን መሃል፣ ነዳጅ በቀኝ። እኛ እዚህ ያደግነው ክላች ነው የምንለው፣ እሳቸው ፍሪሲዮን ይላሉ። ምንም በሉት፣ የጋሽ ዑቅባ ግራ እግር አርባ አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ሥራ ብቻ ነው የሠራው፤ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው መርገጥ፣ መልቀቅ፣ መርገጥ፣ መልቀቅ።

ታዲያ ጉልበቱ ተበላሸ። የቲካ ሮድን ጃም የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ አንድ እርምጃ ሂድ፣ ቁም፣ አንድ እርምጃ ሂድ፣ ቁም። በየእርምጃው ግራ ጉልበት ይታጠፋል። ማታ ሲወርዱ ዳቦ የመሰለ እብጠት ይዘው ነው። ሐኪሙ «ይሄ ጉልበት ክላች ይብቃው» አላቸው።

በዚያው ሰሞን ሚለን ሁለተኛ ልጇን አርግዛ ሰባት ወሯ ገብቶ ነበር። ባሏ ሃብነት ጁባ ነው የሚሠራው፣ በሦስት ወር አንዴ ነው የሚመጣው። ሚለን መንጃ ፈቃድ አላት፤ ግን የተፈተነችው በአውቶማቲክ ስለሆነ ላይሰንሷ ላይ አውቶማቲክ ብቻ ነው የሚለው። የአባቷን ፔጆ ልንዳ ብትል ፖሊስ ይይዛታል። አንድ ቤት፣ አንድ መኪና፣ አንድ ሹፌር፣ የሹፌሩም አንድ እግር የለም። በሉ እንግዲህ!

ምክክሩ የተደረገው እኛ ጋራዥ ውስጥ ነው። የጋሽ ዑቅባ ሚስት እትዬ ኣባዲት የፕላስቲክ ወንበር ተሰጣቸው። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ካሳራኒና ኪሌሌሽዋ ውስጥ የምታዩት የሐበሻ ቀሚስ ግማሹ ከእሳቸው እጅ የወጣ ነው። ጋሽ ዑቅባ ደግሞ ፔጇቸውን ተደግፈው ቆሙ፣ ልክ ሊወስድባቸው የመጣ ሰው ያለ ይመስል።

«ማርሽ የሌለው መኪና ውስጥ ሹፌሩ ምን ሊሠራ ነው?» አሉ። «ቁጭ ብሎ ይጸልይ?»

«ጸሎቱ አይጎዳዎትም ጋሽ ዑቅባ» አለ አለቃዬ ረታ፣ ከመኪና ሥር ተኝቶ።

«አንተ ዝም በል፣ እግርህ ብቻ ነው የሚታየኝ።»

«ባባ፣ እኔም ልነዳው እችላለሁ እኮ» አለች ሚለን። «አሁን በዚህ ሆዴ አይመቸኝም እንጂ ከወለድኩ በኋላ አንተን በየቀኑ አላስቸግርህም።»

«መቼ አስቸገርሽኝ አልኩ?»

በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሩ። «ብሩኬ፣ አንቺ ፈራጅ ሁኚ። ማንዋል ነው አውቶማቲክ?»

ኡፍ! እኔን እንዲህ ብሎ መጠየቅ! እኔ ማንዋል ነው የምወደው፣ አልዋሽም። ማንዋል ስትነዱ መኪናው ያናግራችኋል። ጭነት ካለ፣ ዳገት ካለ፣ ጭቃ ካለ ማንዋል ነው። ካምቢዮው ቢበላሽ እንኳ እኔ ራሴ አውርጄ እሠራዋለሁ፤ የአውቶማቲኩ ግን ጣጣ ነው፣ ዘይቱን በጊዜው ካልቀየርክለት ያለቅሳል፣ ያስለቅሳል። ይሄን ሁሉ ተናገርኩ፣ ጋሽ ዑቅባ ፈገግ አሉ። ከዚያ ግን እውነቱን አልኳቸው፦ «የእርስዎ መንገድ አሁን ጭቃ አይደለም፣ ጃም ነው። ጭነትዎ ሽሮ ነው፣ ነፍሰ ጡር ነው፣ ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ ጨቅላ ነው። ሁለት ሹፌር የሚያስፈልገው ቤት ነው። አውቶማቲክ ይግዙ።»

ፈገግታው ጠፋ። «ከዳሽኝ» አሉ። ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ ፔጆዋን ለአንድ የሽንኩርት ነጋዴ ሸጡ፤ ለገጠር መንገድ ነው የሚፈልጋት፣ ተስማምታው ሄደች። ቅዳሜ ዕለት ኖዋ የምትባል ነጭ አውቶማቲክ መኪና መጣች። እንዴት ታምራለች! ከኋላ ወንበሩ ይታጠፋል፣ አሥር ጆንያ ይይዛል፣ በሩ ተንሸራቶ ይከፈታል፣ የሕፃን ወንበር ማሰሪያ አለው። እኔ ሦስት ጊዜ ከፍቼ ዘጋሁት። ሞተሩን ስታስነሱት ደግሞ በጃፓንኛ አንድ ነገር ትላለች፣ የሴት ድምፅ ነው፣ ለስለስ ያለ።

«ምንድነው ያለችው?» አሉ ጋሽ ዑቅባ።

«አላውቅም። ሰላም ይመስለኛል።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ብለው መለሱላት።

ሰኞ ጠዋት ጉዱ ፈላ። እኔ ስቴጁ ጋ፣ ፌርማታው ላይ፣ ማታቱ የምንለውን ሚኒባስ እየጠበቅኩ ነበር፣ በዓይኔ ነው ያየሁት። ነጯ ኖዋ ቀስ ብላ መጣች፣ ሚለን ከፊት፣ እትዬ ኣባዲት ከኋላ ከጆንያዎቹ ጋር። ፊታቸው ያለው ማታቱ ሰው ሊጭን ቀጥ አለ። ጋሽ ዑቅባ ምን ያድርጉ? አርባ አምስት ዓመት ያደረጉትን አደረጉ። ማርሽ ሊቀንሱ ግራ እግራቸው ፍሪሲዮን ፈለገ። ፍሪሲዮን የለም! በምትኩ ያ ሰፊው የፍሬን ፔዳል አለ። ግራ እግር ደግሞ ስስ አድርጎ መርገጥ መች ያውቃል? እስከ ወለሉ ወረደ።

ቋ! መኪናዋ በመንገዱ ላይ ተተከለች። የሽሮ ጆንያ ተንከባሎ እትዬ ኣባዲት ጀርባ ላይ ወጣ። የሚለን ቀበቶ ሆዷ ላይ ጥርቅም አለ። ከኋላ ያለው ሁሉ ክላክሱን ለቀቀው። ሮጬ ደረስኩ። ማንም አልተጎዳም፣ ተመስገን። ሚለን ግን ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ምን ሆነህ ነው ባባ?»

«እግሬ ነው… እግሬ እኮ…»

«ሁለተኛ አልገባም። ይቅርታ ባባ። ሁለተኛ አንተ ስትነዳ አልገባም።» ወርዳ ታክሲ ጠራች፣ ሄደች። ስትሄድ ዞራ አላየችም።

ጋሽ ዑቅባ መሪውን እንደያዙ ቀሩ። እትዬ ኣባዲት ሽሮ በሽሮ ሆነው ከኋላ ወረዱ፣ በፊት በር እጃቸውን አስገቡ፣ ሞተሩን አጠፉና ቁልፉን ነቅለው ደረታቸው ውስጥ ሸጎጡት።

«ኣባዲት…»

«ዑቅባይ፣ ስማኝ። እስከ ዓርብ ጊዜ ሰጥቼሃለሁ። ዓርብ አብሬህ ሄጄ ግራ እግርህ አንድ ጊዜ ፔዳል ከነካ ቁልፉን ለሰፈራችን ልጅ ለሚልኬሳ እሰጠዋለሁ። ልጁ ሥራ ይፈልጋል፣ አምስት ዓመት አውቶማቲክ ነድቷል። አንተ ቤት ትቀመጣለህ።»

«ሚልኬሳ? ያ ልጅ ሲነዳ በጆሮው ሙዚቃ ሰክቶ ነው!»

«ሙዚቃ ሆድ አይመታም» አሉ እትዬ ኣባዲት።

እንደዚያ ሆነና ነገሩ ሁሉ በእኔ ላይ ወደቀ። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ አራት ቀን! ከካሳራኒ ስታዲየም ጀርባ ባዶ ሜዳ አለ። ለልምምድ ሰዓት ቁልፉን የምቀበለው እኔ፣ የምመልሰው እኔ። እሳቸው እኔ ሳልወለድ ተሳቢ ያዞሩ ሰው፣ እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ፣ አስተማሪዋ እኔ! ያን ቀን ለእናቴ ደውዬ ነግሬያታለሁ፣ አላመነችኝም።

ማክሰኞ ሦስት ነገር ሞከርን፣ ሦስቱም ገደል ገባ። መጀመሪያ ግራ እግርዎን ወንበሩ ሥር ይሸጉጡት አልኩ፤ ጉልበታቸው ታጥፎ ሲቆይ አመማቸው። ቀጥሎ በቀበቶዬ ከወንበሩ እግር ጋር አሰርኩት። ቁልቁል አዩትና «አርባ አምስት ዓመት ያገለገለ እግር ጡረታው እስር ቤት ነው?» አሉ። ፈታሁት። ሦስተኛው የባሰ ነው፤ ፍሬን መያዝ ባለባቸው ቁጥር «ግራ እንዳይሆን!» ብዬ መጮህ ጀመርኩ። ስጮህ ይደነግጣሉ፣ ሲደነግጡ በግራ ይረግጣሉ፣ እኔ በግንባሬ ዳሽቦርዱን እመታለሁ። ግንባሬ ላይ የወጣውን እብጠት ረታ ሲያይ ሳቁን አልጨረሰም።

«ብሩኬ» አሉኝ ሲመለሱ፣ መኪናዋ ውስጥ እንደተቀመጡ። «እኔ ስረግጥ አላውቅም እኮ። ከረገጥኩ በኋላ ነው የማውቀው። እንዴት ነው የማያውቁትን ነገር የሚተዉት?»

ቁልፉን ነቅዬ ለእትዬ ኣባዲት ልመልስ ሄድኩ።

ረቡዕ አራት ሰዓት ላይ ጋራዡ በር ላይ ሻይ የምትሸጠዋ ማማ መጣች። እዚህ ሻይ ሲባል ወተት ነው፤ ወተቱና ቅጠሉ አብሮ ይፈላል፣ ጥቁር ከፈለጋችሁ ለይታችሁ ነው የምታዙት። ጋሽ ዑቅባ ስለ ጣርማበር ለረታ እየተረኩ ነበር፣ እጃቸው መሪ እያዞረ፣ ዓይናቸው እዚያ ዳገት ላይ። ማማ ሻይ ሞልታ ኩባያውን ወደ እጃቸው ዘረጋች። እሳቸው ወሬያቸውን አላቋረጡም፣ ኩባያውንም አላዩትም፤ እጃቸው ብቻ በመዳፉ ገፋ አደረገው። ወሬው ቀጠለ።

ዘልዬ ተነሳሁ። «ጋሽ ዑቅባ! ለምንድነው ያልጠጡት?»

«ምኑን?»

«ሻዩን!»

ኩባያውን ዞረው አዩት። «ረቡዕ አይደለም እንዴ ዛሬ? ጾም ነው።»

«አውቃለሁ! ግን አስበው ነው የገፉት?»

«ምን ማሰብ ያስፈልገዋል? ሠላሳ ምናምን ዓመት እዚህ አገር ሰው ሁሉ ወተት ሲያጠጣኝ ኖሯል፣ ረቡዕና ዓርብ አንዴ አልቀመስኩም። እጄ ራሱ ያውቃል።»

«እግርዎስ ለምን አያውቅም?»

ረታ መዶሻውን አስቀመጠ። ጋሽ ዑቅባ ግራ እግራቸውን ዘርግተው ጫማቸውን እንደ አዲስ ዕቃ አዩት።

«ማለት… ይጹም?»

«ይጹም!»

«ፔዳል እንዳይቀምስ?»

«እንዳይቀምስ!»

መጀመሪያ የሚስቁ መስሎኝ ነበር፤ አልሳቁም። ለእሳቸው ጾም ቀልድ አይደለም። ካልሲያቸውን ሳብ ሳብ አደረጉ፣ ተነሱ፣ ኖዋዋ ውስጥ ገቡ፣ ከመንዳታቸው በፊት አማተቡ። «ግራ እግሬ ከዛሬ ጀምሮ በዚህች መኪና ውስጥ ፔዳል አይቀምስም» አሉ ጮክ ብለው። ሰው አለ ብለው አላፈሩም። ከዚያ ሜዳው ላይ ወጣን። እኔ ድንገት ፍሬን እንዲይዙ ድንጋይ ወረወርኩ፣ ጎማ አንከባለልኩ፣ ፊታቸው ዘልዬ ገባሁ፤ ረታ ቢያየኝ ያባርረኝ ነበር። በመጀመሪያው ሰዓት እግራቸው አራት ጊዜ ገደፈ። በእያንዳንዷ «ይቅር በለኝ» ይላሉ። ሐሙስ ጠዋት ሁለት ጊዜ። ሐሙስ ከሰዓት አንድም! እኔ ሜዳው መሃል ጨፈርኩ፣ ልጆች ተሰብስበው አዩኝ፣ ግድ የለኝም።

እትዬ ኣባዲት ነገሩን ሲሰሙ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «በጾም ቀለድክ አንተ ሰውዬ?»

«አልቀለድኩም።»

ነጠላውን ከአፋቸው አወረዱ። «እሺ። በጾም አትዋሽም፣ ይሄን አውቃለሁ። ግን እኔ ከኋላ ተቀምጬ እግርህን ማየት አልችልም። ብሩኬ ከፊት ትቀመጥና እግርህን ትጠብቅ። እኔ ደግሞ የራሴ መፈተኛ አለኝ።»

መፈተኛው ምን መሰላችሁ? የሙሽራ ቀሚስ! ዘመናይ የምትባል ልጅ እሑድ ልትዳር ነው፣ ቤቷ ኪሌሌሽዋ ነው፣ ቀሚሷ ተሰፍቶ በእጅ መርፌ የሚሰፋው የታችኛው ጠርዝ ብቻ ቀርቶታል። እትዬ ኣባዲት ከካሳራኒ እስከ ኪሌሌሽዋ መኪና ውስጥ እየሰፉ ሊጨርሱት ነው። በረዶ የመሰለ ነጭ ጨርቅ!

«በግራህ ከረገጥክ መርፌው ይወጋኛል» አሉ። «ከወጋኝ ይደማል። ከደማ ቀሚሱም ሄደ፣ ቁልፉም ሄደ።»

«ኧረ እትዬ፣ የሰው ሠርግ እኮ ነው!» አልኩ።

«ለዚያ ነው ተጠንቅቆ የሚነዳው።»

ዓርብ ጠዋት ተነሳን። ጋሽ ዑቅባ ነጭ ሸሚዝ ለብሰዋል፣ ተላጭተዋል። ኖዋዋ በጃፓንኛ ሰላም አለቻቸው፣ ዛሬ መልስ አልሰጧትም። እኔ አንገቴን አጣምሜ ያንን ጥቁር ጫማ እያየሁ ነው፣ መንገዱን አላየሁትም ብላችሁ ይቀላል። ከኋላ የመርፌው ክር ሳብ ሳብ ሲል ይሰማኛል።

ቲካ ሮድ እንደ ሁልጊዜው። ሂድ፣ ቁም፣ ሂድ፣ ቁም። ቀኝ እግር ከነዳጅ ወደ ፍሬን፣ ከፍሬን ወደ ነዳጅ፣ ግራው ወለሉ ላይ እንደተኛ። ሙታይጋ አለፍን። ፓንጋኒ አለፍን። መተንፈስ ጀመርኩ። «ጋሽ ዑቅባ፣ ይችላሉ እኮ!» አልኩ። «አታውሪኝ» አሉኝ።

ሙዚየም ሂል ሳንደርስ ከግራ በኩል አንድ ቦዳ፣ ባለሞተር ታክሲ፣ ተወረወረ። ሞተር ሳይክሉ ላይ ሶፋ ጭኗል። ሶፋ! ሙሉ ሶፋ! ፊታችን ገብቶ ሶፋው ተንጋደደበትና ቀጥ አለ። ጫማውን አየሁት፤ ግራው ተነሳ። እውነቴን ነው፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ተነሳ፣ አየር ላይ ቆመ፣ ተንቀጠቀጠ። ቀኙ ግን ፍሬኑ ላይ ደርሷል፣ ጥጥ እንደሚረግጥ ረግጦ ይዟል። መኪናዋ ቀስ ብላ ቆመች። ግራው ተመልሶ ተኛ። ቦዳው እጁን አነሳና «ሶሪ ምዜ!» ብሎ ሄደ፤ ምዜ ማለት ሽማግሌው ማለት ነው። ጋሽ ዑቅባ ግንባራቸው በላብ ርሷል።

ከኋላ ክሩ ሳብ፣ ሳብ።

ኪሌሌሽዋ ገባን። ዛፉ፣ ጥላው፣ ጸጥታው፣ በቃ ደረስን ብዬ ወደ ወንበሬ ደገፍ አልኩ። የዘመናይ ፎቅ በር ልንደርስ ሃምሳ ሜትር ሲቀረን መንገዱ ላይ ባምፕ፣ ያ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ፣ አለ፣ ቀለም ያልተቀባ። ጋሽ ዑቅባ አላዩትም። ጉብ! ዘለልን።

«ወጋኝ!» አሉ እትዬ ኣባዲት።

መኪናዋ ቆመች። ዞርን። እትዬ ኣባዲት የግራ እጃቸውን ጠቋሚ ጣት ከጨርቁ አርቀው ወደ ላይ ይዘውታል፤ ጫፉ ላይ ቀይ ነጥብ አለ። ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ። ቀሚሱን ገልበጥ፣ ዘርጋ፣ ገልበጥ አድርገው አዩት። ንጹሕ ነው።

«ባምፑ ነው!» አልኩ እኔ፣ ጮክ ብዬ። «ባምፕ ማንንም ይወጋል! በግራ አልረገጡም!»

«ብሩኬ ተይ» አሉ ጋሽ ዑቅባ። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «እኔ ነኝ። ፔጆዋ ብትሆን ማርሽ ቀንሼ ነበር የምገባው፣ ሞተሩ ይይዘኝ ነበር። ይቺ አትይዝም፣ በፍሬን ቀድሜ መያዝ ነበረብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ቁልፉን ውሰጂው።» ሞተሩን አጥፍተው ቁልፉን ነቀሉና ወደ ኋላ ዘረጉት።

እትዬ ኣባዲት አልተቀበሉም። ጣታቸውን ከአፋቸው አወጡ። «ውላችን ምንድነው? ግራ እግር ነው። ብሩኬ፣ አንቺ ንገሪኝ። ግራ እግሩ ምን አደረገ?»

ሶፋው ትዝ አለኝ። ልዋሽ ነበር፤ ግን እሳቸው ቁልፉን ዘርግተው እኔ እዚያ ልዋሽ? «አንዴ ተነሳ» አልኩ። «ቦዳው ሲገባ። ተነሳ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ግን ሳይረግጥ ተመለሰ። አልነካም።»

«አልነካም?»

«አልነካም። በማርያም!»

እትዬ ኣባዲት መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰኩ። «ታዲያ! ሥጋ ሸትቶት የተመኘ ሰው ጾሙን ገደፈ ይባላል? ቁልፍህን ያዝ። ለባምፑ ደግሞ ዓይንህን ክፈት፣ እግርህ ጋ ብቻ አትኑር።»

እኔ ነኝ የጮህኩት። ጋሽ ዑቅባ አልጮሁም፤ ቁልፉን መልሰው ሊሰኩ ሲሉ ሁለት ጊዜ ቀዳዳውን ሳቱት። ዘመናይ ወርዳ ቀሚሷን ስታይ እልል አለች፣ የቀረውን አንድ ክንድ ጠርዝ እትዬ ኣባዲት ከመኪናው ሳይወርዱ በአምስት ደቂቃ ጨረሱት። ምግብ ቤቶቹንም አዳረስን፤ ጋሽ ዑቅባ በየወጥ ቤቱ «አውቶማቲክ ነው የመጣሁት፣ ኑ እዩ!» እያሉ አብሳዮቹን ከምድጃ ጠሩ። አንዷ እጇ በርበሬ እንደሆነ ወጥታ መሪውን ጨበጠችላቸው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የእትዬ ኣባዲት ስልክ ጮኸ። ሚለን ናት። ድምፁን ከፍ አድርገውት ሁላችንም ሰማን።

«ማማ፣ ደክሞኛል፣ እግሬ አብጧል፣ ታክሲው ሦስት ጊዜ ሰረዘብኝ። ሚልኬሳን ትልኪልኛለሽ?»

እትዬ ኣባዲት ባላቸውን አዩ። ባላቸው መንገዱን አዩ።

«ሚልኬሳ የለም» አሉ እትዬ ኣባዲት። «አባትሽ ነው ያለው።»

«… እንዴት ነው የነዳው?»

«የሙሽራ ቀሚስ ሰፍቼ ጨረስኩ።»

«መኪና ውስጥ ሆነሽ?»

«መኪና ውስጥ።»

«እሺ» አለች ሚለን። «ይምጣ።»

ጊጊሪ፣ ሚለን መሥሪያ ቤቷ በር ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ቆማለች። ከፊት ወርጄ ከኋላ ገባሁ። ቦታዬ ላይ ተቀመጠች፣ ቀበቶውን ከሆዷ በታች አሳልፋ አሰረች፣ አባቷን አየች፣ ከዚያ ቁልቁል እግራቸውን አየች። ጋሽ ዑቅባ ፍሬቻ አሳይተው ቀስ ብለው ወጡ። መጀመሪያ በሩን ይዛው ነበር። ሩንዳ ጋ ጃሙ ሲይዘን እጇ ከበሩ ላይ ወረደ። ትንሽ ቆይቶ ራሷ ወደ መስኮቱ ዘነበለ፣ አፏ ተከፈተ፣ ማንኮራፋት ጀመረች፤ እሷ ይሄን አትጻፊ ብትል አልሰማትም፣ አንኮራፍታለች!

ከዚያ እስከ ካሳራኒ ሃያ ስድስት ጊዜ ቆምን። ቆጥሬዋለሁ። አንዴም አልነቃችም።